ፒስተኑ ወዴት ዞሮ ነው የገባው?

በፒስተን አናት ላይ አንዲት ትንሽ ቀስት አለች። አንዳንዱ አምራች በቀስት ፈንታ ነጥብ ያደርጋል፤ ሌላው ጠርዙን በትንሹ ይቦረቡራል። ፒስተኑ ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ ቴስታታው፣ ማለትም የሲሊንደሩ ክዳን፣ ከተከደነ በኋላ ያቺን ምልክት የሚያያት የለም፤ ሞተሩ ጥቂት እንደሠራም ጥላሸት ይሸፍናታል። ለፍጥነት ተብሎ ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ሞተር ግን ደህና መሥራቱ ወይም በመጀመሪያው ቀን መሰባበሩ በእሷ ላይ ሊወሰን ይችላል።

ስለ ሞተር ማጎልበት ሲወራ ጨዋታው ሁሉ የቱርቦው ትልቅነት፣ የካምሻፍቱ ዓይነትና የፈረስ ጉልበቱ ቁጥር ነው። ፒስተኑ ወዴት ዞሮ እንደገባ የሚጠይቅ ደንበኛ ብርቅ ነው። ባለሙያውም ብዙ ጊዜ «ቀስቷ ወደ ፊት ነው የምትሆነው» ብሎ ያልፈዋል። አባባሉ ለአብዛኛው የፋብሪካ ሞተር ትክክል ነው። ሞተሩ ከፋብሪካ መልኩ ወጥቶ ሌላ ፒስተን፣ ሌላ ካምሻፍት ሲገባበት ግን ያው አባባል ግማሽ እውነት ይሆናል፤ ግማሽ እውነት ይዞ የተሠራ ሞተር ደግሞ ከባድ ዋጋ ያስከፍላል። ይህ ሥራ በቃል ልማድ የሚታለፍ መሆኑ ቀርቶ የራሱ ሰዓት፣ የራሱ ወረቀትና የራሱ ክፍያ ሊኖረው ይገባል።

መጀመሪያ «ፊት» የሚባለው የቱ ነው? ለሞተር ፊቱ የታይሚንግ ቺንጋው ወይም ካቴናው ያለበት ጎን ነው፤ ጀርባው ቮላኖውና ካምቢዮው ያሉበት። ከመኪናው አፍንጫ ጋር መገናኘቱ ግዴታ አይደለም። በቶዮታ ሱፕራ ላይ ስሙን ያገነነው 2ጄዜድ-ጂቲኢ በመኪናው ቁመት የተቀመጠ ስለሆነ የሞተሩ ፊትና የመኪናው ፊት አንድ ናቸው። በኮሮላና በቪትዝ ላይ ግን ሞተሩ በወርድ ነው የሚቀመጠው፤ ፊቱም ወደ መኪናው ቀኝ ጎን ያያል። የሆንዳ ቢ ሲሪስ ሞተሮችም በወርድ የተቀመጡ ናቸው፤ የእነሱ ፊት ግን ወደ ግራ ነው። ፒስተኑን ከቢዬላው፣ ማለትም ከክራንክሻፍቱ ጋር ከሚያገናኘው ዘንግ፣ የሚያያይዘው ፒን ከክራንክሻፍቱ ጋር ትይዩ መሆን ስላለበት፣ በእነዚህ መኪኖች ቀስቷ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ እንጂ ወደ ራዲያተሩ ልትዞር አትችልም። ሠራተኛው ያለው ምርጫ ሁለት ብቻ ነው። ከሁለቱ አንዱ ስህተት ሆኖ ሳለ ፒስተኑ በሁለቱም አቅጣጫ ያለምንም ችግር ይገባል፤ ቢዬላው ይታሰራል፣ ሞተሩም በእጅ ሲዞር ይዞራል። የሚከለክል ነገር ባለመኖሩ ነው አደጋው የሚደበቀው።

ፒስተን ከሩቅ ሲያዩት ዙሪያውን እኩል የሆነ ክብ ነገር ይመስላል። በማይክሮሜትር ሲለካ ግን ታሪኩ ሌላ ነው። ቀሚሱ፣ ማለትም ፒስተኑን ከሚከቡት ፋሻዎች በታች ያለው ክፍል፣ በትንሹ ሞላላ ነው፤ በፒኑ አቅጣጫ ጠበብ፣ ከፒኑ ጋር መስቀለኛ በሆነው አቅጣጫ ሰፋ ይላል። አናቱ ከፍተኛ ሙቀት ስለሚያገኘውና ስለሚለጠጥ ከቀሚሱ ጠበብ ተደርጎ ነው የሚሠራው። በብዙ የፋብሪካ ፒስተኖች ላይ ደግሞ የፒኑ ቀዳዳ ራሱ መሃል ላይ አይደለም፤ ከግማሽ ሚሊሜትር እስከ አንድ ሚሊሜትር ተኩል ያህል ወደ አንድ ጎን ገፋ ተደርጎ ይበሳል። ዓይን አያየውም። ቀስቷ የምትጠቁመው ይህን ነው።

የቀዳዳው መገፋት ለምን አስፈለገ? ፒስተኑ አየርና ነዳጁን እያመቀ ወደ ላይ ሲወጣ ቢዬላው ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብሏልና ፒስተኑን ወደ አንደኛው የሲሊንደር ግድግዳ ይገፋዋል። ጫፍ ደርሶ መውረድ ሲጀምር ቢዬላው ወደ ሌላው ጎን ያዘነብላል፤ የቃጠሎው ግፊትም ፒስተኑን ከተቃራኒው ግድግዳ ጋር ያጣብቀዋል። ይህ ሁለተኛው ግድግዳ ነው ከባዱን ጫና የሚሸከመው። ከፊት ሲታይ እንደ ሰዓት ቆጣሪ በሚዞር ሞተር ላይ ይህ ጎን በተመልካቹ ግራ በኩል ይሆናል፤ አብዛኛው ሞተርም እንዲህ ነው የሚዞረው። የሆንዳ ቢ ሲሪስ ግን በተቃራኒው ስለሚዞር ጫናው ያለበት ጎንም ተገልብጧል። ከአንድ ሞተር የተማሩትን ልማድ ሳይጠይቁ ወደ ሌላው መውሰድ አያዋጣም የሚባለው ለዚህ ነው።

ፒስተኑ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው የሚሻገርበት ቅጽበት የግድ አለ፤ ጥያቄው መቼ ይሻገራል የሚለው ነው። የቃጠሎው ግፊት ከፍተኛው ላይ የሚደርሰው ፒስተኑ ጫፉን ካለፈ በኋላ፣ ክራንክሻፍቱ ከ12 እስከ 15 ዲግሪ ያህል ሲዞር ነው። ፒኑ ወደ ጫናው ጎን ገፋ ሲል ፒስተኑ ጫፍ አካባቢ በትንሹ ይዘነብልና ግፊቱ ሳይበረታ ቀድሞ ይሻገራል፤ የቀሚሱ ታች ቀስ ብሎ ግድግዳውን ይነካል፣ ቀሪው አካሉ ይከተላል። ፒስተኑ ተገልብጦ ከገባ ይህ ስሌት ሁሉ በተቃራኒው ይሠራል። መሻገሩ ዘግይቶ፣ ግፊቱ እየበረታ ሲሄድ ይሆንና ቀሚሱ ግድግዳውን በኃይል ይመታዋል። ሞተሩ በቀዝቃዛ ሲነሳ የሚሰማው ደረቅ ኳኳታ የዚህ ውጤት ነው።

ድምፅ ብቻ ከሆነ ምን ችግር አለው የሚል ይኖራል። ችግሩ ዘመናዊ ሞተር ጆሮ ያለው መሆኑ ነው። በብሎኩ ላይ የታሰረው የኖክ ሴንሰር ነዳጁ ያለጊዜው ሲፈነዳ የሚፈጠረውን ንዝረት ያዳምጣል፤ ያንን ሲሰማ ኮምፒውተሩ የእሳቱን ሰዓት ያዘገየዋል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። የፒስተን መማታት የሚያወጣው ድምፅ ይህን ሴንሰር ሊያሳስተው ይችላል። በዚያን ጊዜ ባለቤቱ በስንት ድካም የገዛውን የፈረስ ጉልበት ኮምፒውተሩ ራሱ መልሶ ይወስድበታል፤ ባለቤቱም ነዳጁን፣ ካንዴላውን፣ ቱርቦውን ሲወቅስ ይከርማል። ቀሚሱም እየተጎዳ ይሄዳል።

በአሜሪካ የድሮ የውድድር ሞተር ሠሪዎች ዘንድ ሆን ብሎ ፒስተኑን ገልብጦ የመግጠም ዘዴ ነበር። ፒኑ ወደ ተቃራኒው ጎን ሲገፋ ግድግዳው ላይ የሚያርፈው ጫና ይቀንሳል፣ ሰበቃው ቀንሶ ጥቂት ጉልበት ይገኛል የሚል ሐሳብ ነው። በስሌት ደረጃ ሐሳቡ መሠረት የለሽ አይደለም። ከጥቂት ውድድር በኋላ ተፈትቶ ለሚታይ፣ ጩኸቱ ለማያሳስብ ሞተር አንድ ሰው ሊመርጠው ይችላል። ጠዋት በቀዝቃዛ ተነስቶ ሥራ የሚያደርስ፣ ማታም ፍጥነቱን የሚያሳይ መኪና ላይ ግን ይህን ማድረግ ተገቢ አይደለም። የሚገኘው ጥቂት ነው፤ የሚጠፋው ግን ሁልጊዜ አብሮ የሚኖር ጤና ነው። በዚያ ላይ ዛሬ ለውድድር የሚሠሩ ብዙ ፒስተኖች ፒናቸው መሃል ላይ ስለሆነ ዘዴው የሚጨምረው ነገር የለም።

እዚህ ላይ ሌላ ስህተት ይወለዳል። ፒኑ መሃል ላይ ከሆነ አቅጣጫው ምን አገባው ይባላል። የሚያገባው በቫልቮቹ ምክንያት ነው።

ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣው የሼቭሮሌት ቪ8 ሞተር ነው። ሲጀመር 265 ኪዩቢክ ኢንች፣ ወደ 4.3 ሊትር ገደማ የነበረው ይህ ሞተር በአሜሪካ ጋራዦች ለፍጥነት በብዛት ከሚሠሩት ሞተሮች ግንባር ቀደሙ ነው። በሁለቱም ጎን የሚታሰረው ቴስታታ አንድ ዓይነት ነው፤ ግራውን ቀኝ፣ ቀኙን ግራ ማድረግ ይቻላል። የቫልቮቹ አሰላለፍ ከፊት ወደ ኋላ ሲቆጠር ማስወጫ፣ ማስገቢያ፣ ማስገቢያ፣ ማስወጫ እያለ ይሄድና ይደገማል። በየሲሊንደሩ ያሉት ሁለት ቫልቮች ደግሞ በሁለቱ የሲሊንደር ረድፎች መሃል ወዳለው ሸለቆ የቀረቡ ናቸው። ስለዚህ በፒስተኑ አናት ላይ ለቫልቮቹ የሚቆፈሩት ጎድጓዳዎች ወደ ሸለቆው መዞር አለባቸው።

አሁን ሁለቱን ነገር አንድ ላይ ማየት ነው። ሞተሩ ከፊት ሲታይ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ስለሚዞር የጫናው ጎን በሁለቱም ረድፍ የመኪናው ቀኝ ነው። በግራው ረድፍ ቀኙ ጎን ሸለቆው ያለበት ነው፤ በቀኙ ረድፍ ግን ቀኙ ጎን ወደ ውጭ ያለው ነው። እንግዲህ ሁለት ጎድጓዳ ብቻ ያለው፣ ፒኑም ወደ አንድ ጎን የተገፋ ፒስተን ለግራው ረድፍ ቢስማማ ለቀኙ አይስማማም። ጎድጓዳውን ወደ ሸለቆው ላዙረው ቢሉ ፒኑ ወደ ተሳሳተ ጎን ይሄዳል፤ ፒኑን ላስተካክል ቢሉ ጎድጓዳው ከቫልቮቹ ይርቃል። ከዚህ መውጫው ሦስት ነው፤ ፋብሪካው በብዙ ሞዴሎቹ እንዳደረገው አናቱ ላይ አራት ጎድጓዳ መቆፈርና ሁሉንም ቀስት ወደ ፊት ማድረግ፣ ለግራና ለቀኝ የተለያየ ፒስተን መሥራት፣ ወይም ፒኑን መሃል ማድረግ።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ማስገቢያ ቫልቭ ከማስወጫው ይሰፋል። አናቱ ከፍ ያለ ወይም ሁለቱ ጎድጓዳዎች መጠናቸው የተለያየ የውድድር ፒስተን ሲገባ፣ ትልቁ ጎድጓዳ የግድ ከማስገቢያው ቫልቭ ሥር መዋል አለበት። አሰላለፉ እየተገለባበጠ ስለሚሄድ ስምንቱ ፒስተኖች በሁለት ዓይነት ይከፈላሉ፤ አራቱ ለ1፣ 4፣ 5 እና 8 ቁጥር ሲሊንደሮች፣ አራቱ ለ2፣ 3፣ 6 እና 7። የ1 ቁጥሩ ፒስተን ወደ 4 ቁጥር ሲሄድ ግማሽ ዙር ዞሮ ነው የሚገባው። ፒኑ መሃል በሆነ እንዲህ ባለ ስብስብ ላይ «ሁሉም ምልክት ወደ ፊት» የሚለውን ደንብ ይዞ የገጠመ ሰው ከስምንቱ አራቱን አበላሽቶ ይነሳል። ጠንቃቃ ሠራተኛ የሚያየው ቀስቱን ሳይሆን ቴስታታው ውስጥ ያለውን የቫልቮች ቦታና የፒስተኑን ጎድጓዳ ነው፤ አንዱን በሌላው ላይ እያስተያየ፣ ሲሊንደር በሲሊንደር።

የሚመጣው ጥፋት ከምን እንደሚመነጭ ለመረዳት ፍጥነቱን ማስላት ይበጃል። የሆንዳ ኢንቴግራ ታይፕ አር የነበረው ቢ18ሲ ሞተር የፒስተኑ ጉዞ 87.2 ሚሊሜትር ነው፤ በደቂቃ 8,400 ዙር ይደርሳል። ይህ ማለት ፒስተኑ በአማካይ በሴኮንድ 24.4 ሜትር፣ በሰዓት ወደ 88 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ በዚያው ሴኮንድ ውስጥም 280 ጊዜ ቀጥ ብሎ ቆሞ አቅጣጫውን ይቀይራል። ጫፍ ላይ ሲመለስ የሚያርፍበት ኃይል የራሱን ክብደት 4,500 ጊዜ ያህል ነው። 300 ግራም የሚመዝን ፒስተን ቢሆን ቢዬላውን ከ1,300 ኪሎ በላይ በሆነ ኃይል ወደ ላይ ይጎትተዋል ማለት ነው። ቢዬላው በትንሹ ይለጠጣል፤ ስለዚህ በዝግታ ሲዞር በፒስተንና በቫልቭ መካከል የነበረው ክፍተት በሙሉ ፍጥነት ይጠባል። የማስወጫው ምት አልቆ የማስገቢያው ሲጀምር፣ ፒስተኑ ጫፍ ላይ ባለበት ቅጽበት ማስወጫው ገና አልተዘጋም፣ ማስገቢያው መከፈት ጀምሯል፤ ለውድድር የተሠራ ካምሻፍት ሲሆን ደግሞ ሁለቱም ከፋብሪካው ይበልጥ ተከፍተው ይቆያሉ። ትልቁ ቫልቭ ትንሹን ጎድጓዳ ካገኘ ይጋጫሉ። ቫልቩ ይጣመማል ወይም ጭንቅላቱ ይቆረጣል፤ የተቆረጠው ብረት ሲሊንደሩ ውስጥ እየተቀጠቀጠ ፒስተኑን ይበሳል፣ ቴስታታውን ይፈልጣል።

ይህን ሁሉ ቀድሞ የሚያሳይ ርካሽ ዘዴ አለ፤ ልጆች የሚጫወቱበት ፕላስቲን። ባለሙያው ፒስተኑን ከነቢዬላው ሲሊንደሩ ውስጥ ያስገባል። የጎድጓዳዎቹን ወለል ዘይት ይቀባና የጣት ውፍረት የማያክል ፕላስቲን ይለጥፍባቸዋል። ቴስታታውን ከነጋስኬቱ አስቀምጦ ቡሎኖቹን ያጠብቃል፣ ካምሻፍቱን በትክክለኛው ታይሚንግ ያስራል፣ ከዚያም ክራንክሻፍቱን በመፍቻ ቀስ እያለ ሁለት ሙሉ ዙር ያዞራል። ሁለት የሆነው የባለ አራት ምት ሞተር አንድ ዑደት ሁለት ዙር ስለሚፈጅ ነው። መሃል ላይ የሚከብድ ነገር ከተሰማው ያቆማል፤ በጉልበት አይገፋም። ቴስታታው ሲነሳ ቫልቮቹ በፕላስቲኑ ላይ አሻራቸውን ጥለዋል። በስለት መሃል ለመሃል ቆርጦ ከሥር የቀረውን ውፍረት በካሊፐር ይለካል። በሞተር ሠሪዎች ዘንድ የተለመደው ዝቅተኛ ልክ በማስገቢያው በኩል 2 ሚሊሜትር፣ በማስወጫው በኩል 2.5 ሚሊሜትር ያህል ነው። ማስወጫው ሰፋ ያለ ክፍተት የሚፈልገው ይበልጥ ስለሚግልና ፒስተኑ ከኋላ እየተከተለ ስለሚያሳድደው ነው።

ፕላስቲኑ ከውፍረቱ ሌላ የሚናገረው አለ። አሻራው ከጎድጓዳው መሃል ወጥቶ ጠርዙን የነካ እንደሆነ፣ ወይም ትልቁ አሻራ በትንሹ ጎድጓዳ ውስጥ ከታየ፣ ፒስተኑ የዞረበት አቅጣጫ ወይም የገባበት ሲሊንደር ተሳስቷል ማለት ነው። ይህ ፈተና ግማሽ ቀን ሊወስድ ይችላል። ግማሽ ቀኑን ለመቆጠብ ሲባል የሚዘለለውም እሱ ነው።

የቢዬላው አቅጣጫ ደግሞ ከፒስተኑ ጋር አብሮ የሚታይ ነገር ነው። በቪ8 ሞተር ሁለት ቢዬላዎች ጎን ለጎን አንድ የክራንክሻፍት አንጓ ይጋራሉ። የቢዬላው ትልቁ ጫፍ አንደኛው ጎን ጠርዙ በሰፊው የተሞረደ ነው፤ ያ ጎን ከክራንክሻፍቱ ጉንጭ ጋር ባለው ክብ መጋጠሚያ በኩል መዋል አለበት፤ ለጥ ያሉት ሁለት ጎኖች እርስ በርስ ይተያያሉ። ተገልብጦ ከገባ የሼል ቤሪንጉ ጠርዝ ክብ መጋጠሚያው ላይ ይወጣና ይቃጠላል። ስለዚህ በግራው ረድፍና በቀኙ ረድፍ የፒስተኑ ቀስት ወደ አንድ አቅጣጫ ሆኖ ሳለ ቢዬላዎቹ ተቃራኒ ናቸው። ሰዎች የሚሳሳቱት ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ስምንቱን ፒስተን በተከታታይ አንድ ዓይነት አድርገው ይገጣጥሙና ሞተሩ ጋ ሲደርሱ አራቱ እምቢ ይላሉ። ፒኑ በመጭመቂያ የሚገባ ዓይነት ከሆነ መልሶ ለማውጣት ሲሞከር ፒስተኑ ሊሰነጠቅ ይችላል። ፒኑን በሽቦ ቀለበት የሚይዙ ፒስተኖች ላይ ደግሞ የቀለበቱ ክፍት አፍ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች እንዲሆን ይደረጋል፤ ወደ ጎን ከሆነ የፒስተኑ ንዝረት እያላቀቀ ሊያስወጣው ይችላል፣ የወጣ ቀለበት ደግሞ ሲሊንደሩን ይቦጫጭቃል። ፋሻዎቹም ነጥባቸው ወይም ጽሑፋቸው ወደ ላይ ይሆናል።

በባለ ሁለት ምት ሞተር ሳይክሎች ቀስቷ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ጭስ ማውጫው ታያለች፤ ፋሻውን የሚይዙት ትንንሽ ፒኖች በግድግዳው ላይ ካሉት መስኮቶች ርቀው እንዲውሉ ነው። የፋሻው ጫፍ መስኮት ላይ ከዋለ ተይዞ ይሰበራል። የሱባሩ ቦክሰር ሞተር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ የፒስተኑ ፒን በብሎኩ ጎን ባለ ቀዳዳ በኩል ስለሚገባ ስህተቱ ዘግይቶ ከታወቀ ሥራው ወደ ኋላ ርቆ ይመለሳል።

ከሁሉም በላይ አሳሳቢው ግን ስህተቱን የሚሸፍን ምክንያት ሁልጊዜ በእጅ መኖሩ ነው። ለከፍተኛ ጉልበት የሚገቡት ተቀጥቅጠው የተሠሩ፣ ፎርጅድ የሚባሉት ፒስተኖች በዋናነት ከሁለት ዓይነት የአልሙኒየም ቅይጥ ይሠራሉ። 4032 የሚባለው ወደ 12 በመቶ ሲሊኮን አለው፤ ሲግል ብዙ አይለጠጥም። 2618 የሚባለው ሲሊኮኑ ከ1 በመቶ በታች ነው፤ ጫናን ይበልጥ ይችላል፣ ግን ሲግል ይበልጥ ይለጠጣል። ስለዚህ በቀዝቃዛ ከግድግዳው ሰፋ ያለ ክፍተት ተሰጥቶት ይገባል፤ ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስም ጥቂት ኳኳታ ይሰማል። ይህ ተፈጥሮው ነው። ችግሩ ተገልብጦ የገባ ፒስተንም እንዲሁ በቀዝቃዛ መጮሁ ነው። ባለቤቱ ተጨንቆ ሲመለስ «ፎርጅድ ስለሆነ ነው፣ ይለመዳል» ይባላል። እውነት ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ቴስታታው ከተከደነ በኋላ ሁለቱን በጆሮ ብቻ መለየት ለጎበዝ ባለሙያም ከባድ ነው። ከመከደኑ በፊት የተነሳ አንድ ፎቶግራፍ ግን ክርክሩን ይዘጋዋል።

ጉዳዩ የሩቅ አገር ሀብታሞች መዝናኛ ተደርጎ መታየት የለበትም። በኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ይታወቃል። ቀድሞ የገቡት ግን መንገድ ላይ ናቸው፤ ሞተራቸውም እየተፈታ፣ ሲሊንደሩ እየተሞረደ፣ ሰፋ ያለ ፒስተን እየገባበት ገና ለዓመታት ይሠራል። ከአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ ከሶማሌ ተራ የሚገዛው ፒስተን አንዳንዴ ኦሪጅናል ነው፣ አንዳንዴ የሌላ አምራች ሥራ ነው፤ ምልክቱ ከፋብሪካው መመሪያ ጋር ላይመሳሰል ይችላል። በልምድ የተማሩ መካኒኮች ሞተርን በጆሮና በእጅ የሚያውቁ፣ ብዙ አገር ያንቀሳቀሱ ሰዎች ናቸው፤ ክብር ይገባቸዋል። ሙያቸው የጎደለው ነገር ቢኖር መዝገብ ነው። ጋሽ እከሌ የሚያውቀው ከእሱ ጋር ይሄዳል፤ ተለማማጁ ያየውን ይደግማል፣ ለምን እንደሆነ ሳይነገረው። ለቪትዝም ሆነ ቱርቦ ለተጨመረበት ሱፕራ የሚያስፈልገው ጥንቃቄ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ሱፕራው ስህተቱን ቶሎ መግለጹ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር መለመድ አለበት። ሞተሩ ሲፈታ አሮጌዎቹ ፒስተኖች ሳይወጡ በፊት ፎቶ ይነሱ፤ ጥላሸቱ ተጠርጎ ምልክታቸው የዞረበት አቅጣጫ በየሲሊንደሩ ይጻፍ። ይህ እንኳን ብቻውን አይበቃም፤ ከዚህ በፊት ሞተሩን የከፈተው ሰው ተሳስቶ ሊሆን ይችላልና ከፋብሪካው መመሪያ ጋር ይመሳከር። ቀጥሎ አዲሱ ፒስተን ሲገባ አምራቹ በሳጥኑ ውስጥ ያስቀመጠው ወረቀት ይነበብ እንጂ ከሳጥኑ ጋር አይጣል፤ የፒኑ መገፋት፣ የግድግዳው ክፍተት፣ የትኛው ለየትኛው ሲሊንደር እንደሆነ ያለው እዚያ ላይ ነው። በመጨረሻም ቴስታታው ከመከደኑ በፊት ሁሉም ፒስተኖች ከላይ በአንድ ፎቶ ይነሱና ለደንበኛው ከደረሰኙ ጋር ይሰጡ፤ የሞተሩ ፊት የትኛው እንደሆነ በፎቶው ላይ ይታይ።

አንዳንድ ባለሙያ ይህን እንደ አለመታመን ሊቆጥረው ይችላል። ደንበኛው ግን የሚጠይቀው እምነት ስላጣ መሆን የለበትም፤ ስለሚከፍል ነው። እዚህ ላይ የደንበኛውም ድርሻ አለ። የሙከራ መገጣጠምን ዋጋ ሳይከፍሉ ሥራው በጥንቃቄ እንዲሠራ መጠበቅ ፍትሐዊ አይደለም። ዛሬ በብዙ ቦታ ድርድሩ የሚካሄደው በጠቅላላ የሥራ ዋጋ ላይ ነው፤ ዋጋው ሲወርድ መጀመሪያ የሚቀነሰው የማይታየው ሥራ ነው። ፕላስቲን ለጥፎ ሁለት ዙር አዙሮ፣ ቴስታታውን አንስቶ፣ ለክቶ፣ እንደገና መግጠም የማይታይ ሥራ ነው። በዋጋ ዝርዝሩ ላይ ራሱን ችሎ አንድ መስመር ሆኖ ቢጻፍ ባለሙያው ሳይሳቀቅ ጊዜውን ይሰጠዋል፤ ደንበኛውም ምን እንደገዛ ያውቃል።

የቴክኒክና ሙያ ተቋማት የሞተር ጥገና ተማሪዎችም ይህን ከመጽሐፍ ሥዕል ይልቅ በእጃቸው ቢያዩት ይሻላል። አንድ የማይሠራ አሮጌ ሞተር ይበቃል። ፒስተኖቹን አስወጥቶ ምልክታቸውን በቀለም ሸፍኖ፣ ከቫልቮቹ አቀማመጥ፣ ከጎድጓዳዎቹ መጠን፣ ከሞተሩ አዟዟርና ከፒኑ ቀዳዳ ልኬት ተነስተው የትኛው ወዴት እንደሚዞር እንዲወስኑ ማድረግ፤ ከዚያም ቀለሙን ጠርጎ ከቀስቷ ጋር ማስተያየት። ቀስቷ የሌለችበት ፒስተን ገበያ ላይ አለ፤ እሱን ይዞ የሚመጣ ደንበኛም አለ። ያን ቀን ሠራተኛው የሚመረኮዘው በዚህ ልምምድ ላይ ነው።